አህያ ተከለከለ፣ ቤንዚን ተፈቀደ

በየካ በኩል ባለ አንድ ትምህርት ቤት ብዙ ዘመን ታሪክ አስተምሬአለሁ። ጠዋት ከቤቴ ወጥቼ ወደ ሥራዬ ስወርድ ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ እንጨት የተጫኑ አህዮች እየደረሱብኝ ያልፉ ነበር። ከኋላቸውም እንጨቱን በገዛ ጀርባቸው የተሸከሙ፣ ከማጎንበሳቸው የተነሣ ከመሬት በቀር ሌላ የማይታያቸው ሴቶች ይከተሏቸዋል። መንገዱ ወደ ታች ሲዘልቅ በረጃጅም አጥሮችና በጥቅጥቅ ዛፎች አጠገብ ያልፋል፤ እነዚህም የውጭ አገር ለጋሲዮኖች አጥሮች ናቸው። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሩስያ፣ የኢጣልያና የጀርመን መልእክተኞች አብዛኞቹ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቦታ ተቀብለው የሰፈሩት በዚሁ በከተማው ሰሜን ምሥራቅ፣ በቀበናና በየካ ጎን ነው። ስለዚህ በዚህ ሰፈር የሚኖር ሰው የዓለምን ፖለቲካ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ አህያውን ተከትሎ መውረድ ይበቃዋል።

አሁን የምጽፈውም በአህያ ምክንያት ነው። አንድ ዓመት ስለ ሁለተኛው የኢጣልያ ወረራ ሳስተምር፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ለኢጣልያ እንዳይሸጥ የከለከለውንና ያልከለከለውን ዕቃ በሁለት ረድፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። በአንደኛው ረድፍ የጦር መሣሪያ፣ ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ አሉሚንየም፣ ያልቀለጠ የብረት ማዕድን፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ሰፈሩ። በሁለተኛው ረድፍ ደግሞ ቤንዚን፣ የድንጋይ ከሰልና ተቀልጦ የወጣ ብረት። አባቱ በአህያ ጭነት የሚተዳደር አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣና፣ «ጋሼ፣ ጣልያኖች ትግራይ የገቡት በአህያ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ደብተር ሳርም ግን የልጁ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝና መሳቁን ተውሁት።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በቄስ ትምህርት ቤት ቢሆንም ትምህርቴን የጨረስሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ያስተማረን አንድ የውጭ አገር ሰው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ስለ አገሩ ሲናገር ዓይኑ ይበራ ነበር። «በእኛ ዘንድ ጦርነት የአንድ ሰው ቍጣ አይደለም፤ ሕዝቡ ይመክራል፣ እንደራሴዎቹ ይከራከራሉ፣ የወታደሩም እናት ድምፅ አላት» ይለን ነበር። እኛም በደብተራችን ጻፍነው። ዛሬም ቢሆን ያ ሰው ዋሽቶናል አልልም። ነገር ግን ሳይነግረን ያለፈው አንድ ነገር ነበረ፤ ሕዝብ ተሰብስቦ ስለ ጦርነት ሲመክር በሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠው ምንድር ነው? ፍርድን ነው ወይስ ሌላ ነገር? ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን ለማየት የራሳችንን አገር ታሪክ የመሰለ መስተዋት አይገኝም።

በመጀመሪያ ወደ መቅደላ እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ሎንዶን ደረሰ፤ የውጭ ጉዳይ ቢሮውም መልስ ሳይሰጠው ከወረቀቶቹ መካከል አኖረው። ንጉሠ ነገሥቱ ተቈጥተው ቆንሲሉንና ሌሎች ኤውሮፓውያንን አሰሩ። ከእስረኞቹም መካከል እንደ አስተማሪዎቼ ያሉ ሚሲዮናውያን ነበሩባቸው፣ ስለዚህ መከራቸውን አቃልዬ አልናገርም። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ፓርላማ በኅዳር 1860 ዓ.ም. ተጠርቶ ተሰበሰበና ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ፈቀደ፣ የገቢ ግብርም ጨመረ። ነገሩ ሲያልቅ ወጪው ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። ከሕንድ ወታደር መጣ፣ አርባ አራት ዝሆን መጣ፣ በቅሎውና አህያው ግመሉም በብዙ ሺህ ተገዛ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሞቱ፣ እስረኞቹ ተፈቱ፣ ጦሩም የመቅደላን ብራና መጻሕፍት በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወደ መጣበት ተመለሰ። እንግዲህ ይህን ቍጥር በልብህ ያዝ፤ ስለ ጥቂት እስረኞችና ስለ መንግሥት ክብር፣ ዘጠኝ ሚሊዮን ፓውንድ። በኋላ ሌላ ቍጥር አሳይሃለሁ።

ኢትዮጵያ ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር የገባችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ ልክ በመስቀል ዕለት። የማኅበሩ ቃል ኪዳን ከአባሎቹ በአንዱ ላይ ያላግባብ ጦር ያነሣ ሁሉ በአባሎቹ በሁሉም ላይ ጦር እንዳነሣ ይቈጠራል ይላል። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ቃል በሕግ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ድኻ አገር ይህን ስትሰማ ባል ያገኘች መሰላት። ነገር ግን አባቶቻችን «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

ጅቡ ቀስ እያለ መጣ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ተነሣ። ከአንድ ወር በኋላ፣ በገና ቀን፣ የፈረንሳዩ ሚኒስትር ላቫል ሮማ ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር ተፈራረመ፤ ፈረንሳይ ጀርመንን ትፈራ ነበርና ኢጣልያን ወዳጅ ማድረግ ፈለገች። ከዚያም ጦርነት እንዳይነሣ በማሰብ ነው ተብሎ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መሸጥ አቆሙ። ለሁለቱም እኩል! ኢጣልያ መድፉንም አውሮፕላኑንም በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራለች፤ እኛ ግን አንዲት ጥይት እንኳ ከባሕር ማዶ እናስመጣ ነበር። ለጠገበና ለተራበ እኩል ጾም ማወጅ እኩልነት ከተባለ ይህም እኩልነት ነበር። አሜሪካ ደግሞ ነሐሴ 25 ቀን 1927 ዓ.ም. የገለልተኝነት ሕግ አወጣች፤ ምክንያቱም ሕዝቧ በሩቅ አገር ጦርነት ልጁን መገበር ሰልችቶት ነበር። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ሕጉ ግን የጦር መሣሪያን እንጂ ነዳጅን አልከለከለም።

አሁን ወደ እንግሊዝ ሕዝብ ልምጣ፤ የነገሩ ጣዕም ያለው እዚህ ነውና። በዚያው ዓመት በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ሰላም የሕዝቡን ሐሳብ ጠየቁ። አሥራ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚያህል ሰው መለሰ። ውጤቱ የታወቀው ሰኔ 20 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ከወረራው ሦስት ወር አስቀድሞ ነው። አንድ መንግሥት ሌላውን ቢወር፣ ሌሎቹ መንግሥታት በንግድና ጦር ባልሆነ ዘዴ ሊያስቆሙት ይገባልን? ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው «አዎን» አለ። አስፈላጊ ሲሆን በጦርስ? እዚህ ላይ «አዎን» ያለው ወደ 6.8 ሚሊዮን ወረደ፤ «አይሆንም» ያለው 2.3 ሚሊዮን ሆነ፤ የቀረው ዝም አለ። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ልጆቻቸውን በመቶ ሺህ የቀበሩ ናቸው። የፈለጉት ሌባው እንዲቆምና እነርሱም ከአልጋቸው እንዳይነሡ ነው። ማን ነው ይህን የማይፈልግ?

ፖለቲከኞቹም የሕዝቡን ልብ አዩና ለሁለቱም ምኞት የሚስማማ ፖሊሲ ሰፉለት። ሎንዶንን ትቼ ነገሩን በሰፈር አስመስዬ ልንገርህ።

ሌባ በሌሊት በአንዲት መበለት ቤት ገባ እንበል። ዕድሩ በጡሩምባ ተጠራ። ዳኛው ተነሥተው፣ «በዚህች ሴት ላይ የተነሣ በሁላችን ላይ ተነሣ፤ መተዳደሪያ ደንባችን እንዲህ ይላል» ብለው በሚያምር ቃል ተናገሩ፤ ሁሉም አጨበጨበ። «እንግዲያስ ዱላችንን ይዘን እንሂድ» አለ አንድ ጎረምሳ። «ቆይ፣ አትቸኩል» ተባለ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ይህ ሌባ ከታች ያለውን ትልቁን ወንበዴ የሚጠብቅልን እርሱ ነው፤ ብናስቀይመው ማን ይጠብቀናል?» አለ። ባለሱቁም፣ «መጥረቢያ አልሸጥለትም ብል ዕድርተኛ ያልሆነው ባለሱቅ ይሸጥለታል፤ እኔ ለምን ልክሰር?» አለ። መንገዱን የሚጠብቀው ሰው ደግሞ፣ «መንገዱ ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ሕግ አለ፤ ደግሞም ሲያልፍ ይከፍላል» አለ። በመጨረሻ ጸሐፊው ውሳኔውን እንዲህ ሲል አነበበ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ለሌባው አህያ መሸጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።» መበለቲቱ በዚህ ጊዜ ሁሉ ትጮኻለች።

ይህ ተረት ቢመስልህ እውነተኛውን ስማ። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆሞ መንግሥቱ ለማኅበሩ ቃል ኪዳን በጽናት እንደሚቆም ሲናገር አዳራሹ ተደነቀ። ዕለቱ የእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ በአራት ቀን ውስጥ ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን እንዳፈረሰች ፈረደ፤ አምሳ ያህል መንግሥታትም ተስማሙ። ፍርዱ ፈጣን ነበር፤ በዚህ ልናማው አይገባም። ከዚያ በኋላ ኅዳር 4 ቀን በእንግሊዝ አገር ምርጫ ተደረገ። የባልድዊን መንግሥት የማኅበሩን ስም በአፉ ይዞ ለሕዝብ ቀረበና በብዙ ድምፅ አሸነፈ። ኅዳር 8 ቀን ማዕቀቡ ሥራ ጀመረ፤ አህያም ተከለከለች።

ዝርዝሩን ደግመህ ብታየው ይበልጥ ያስገርማል። የብረት ማዕድኑ ተከለከለ፤ ከዚያ ማዕድን የሚወጣው ብረት ግን ተፈቀደ። አሉሚንየም ተከለከለ፤ ኢጣልያ ከራሷ አልፎ የሚተርፋት ማዕድን ቢኖር አሉሚንየም ነበር። የኢጣልያ ካሚዮኖች በአዲሱ መንገድ ከምጽዋ ወደ ትግራይ ሲወጡ፣ አውሮፕላኖቹም ከደመና በላይ ሲበሩ የሚጠጡት ቤንዚን ግን አልተነካም። ሙሶሊኒ ራሱ፣ ቤንዚን ቢከለከል ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ ለሂትለር እንደ ነገረው በመካከላቸው ያስተረጕም የነበረው ሰው ጽፏል። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። በ1888 እ.ኤ.አ. የተፈረመ ውል መንገዱ በሰላምም በጦርነትም ለመርከብ ሁሉ ክፍት እንዲሆን ያዛል ተባለ፤ ስለዚህ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ወታደርና የመርዝ ጢስ የተሞላ ቦምብ የጫኑት መርከቦች ዋጋቸውን እየከፈሉ አለፉ። የመንግሥታቱን ማኅበር ቃል ኪዳን ለመርሳት አንድ ወር በቃ፤ የቦዩን ውል ግን አርባ ሰባት ዓመት አላስረሳውም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሏል ይህ ነው።

ከምርጫው ሃያ አራት ቀን በኋላ ሆር ፓሪስ ወርዶ ከላቫል ጋር በምሥጢር ተዋዋለ። በውሉ መሠረት ኢጣልያ ከትግራይ፣ ከደንከልና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ትወስዳለች፤ በደቡብም ሰፊ አገር ለኢጣልያ ሠፋሪዎችና ኩባንያዎች ይለቀቃል። ለኢትዮጵያ በምትኩ ወደ አሰብ የምትወጣበት ቀጭን መንገድ ይሰጣታል። አንድ የሎንዶን ጋዜጣ ይህን መንገድ የግመሎች መተላለፊያ ብሎ ቀለደበት። ግመል ለኢጣልያ እንዳይሸጥ የተከለከለበት ወር ነበረና፣ ቢያንስ ግመሎቹን በሚመለከት ኤውሮፓ አንድ ሐሳብ ነበራት ማለት ይቻላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሚዛኔን ማስተካከል አለብኝ። ምሥጢሩ በፈረንሳይ ጋዜጦች በወጣ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ። ያ ድምፁን የሰጠ ሕዝብ ለእንደራሴዎቹ ደብዳቤ አዘነበባቸው፤ ሆርም ታኅሣሥ 8 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። (በዚያ ሰሞን ስዊስ አገር በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ አፍንጫውን ሰብሮ ነበር፤ የእኛ ሰዎች ይህን የሰሙ እንደ ሆነ ምን እንዳሉ መገመት አያዳግትም።) እንዲህ ያለ ነገር በሮማ ሊደረግ አይችልም ነበር። ሙሶሊኒ ማንንም አልጠየቀም፤ የጠየቀውም ሰው ቢኖር እስር ቤት ይገባ ነበር። አዲስ አበባ በተያዘችበት ሰሞን ሲልቪያ ፓንክረስት የምትባል እንግሊዛዊት ስለ ኢትዮጵያ የሚከራከር ጋዜጣ ጀምራ የገዛ መንግሥቷን ስትወቅስ ማንም አፏን አልዘጋትም። ኋላም እዚሁ ከተማ ሞታ በቅድስት ሥላሴ ተቀብራለች። ስለዚህ «ዲሞክራሲ ከንቱ ነው» የሚል ተማሪ ቢኖር ይህ ጽሑፍ የእርሱ ደጋፊ አይደለም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፤ ሚኒስትሩ ተባረረ፣ በምትኩ ሌላ ተሾመ፣ ሕዝቡም ቍጣው በረደለት፣ ቤንዚኑ ግን መፍሰሱን ቀጠለ። ሰው ማባረር ፖሊሲ ከመለወጥ ይቀላል።

የቀረውን ታውቀዋለህ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ከተማውም ጣልያን እስኪገባ ሦስት ቀን ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። በዚያ ጊዜ ከሺህ በላይ የሆኑ የውጭ አገር ሰዎች በዚሁ በእኛ በኩል ባለው በእንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ ውስጥ፣ በባሕር ዛፉ ጥላ፣ በሕንድ ወታደሮች ተጠብቀው ተረፉ። የአሜሪካ ለጋሲዮን ደግሞ በከተማው በሌላው ወገን ሆኖ ሲተኰስበት፣ ወደ እንግሊዞቹ በቀጥታ መልእክት መላክ ስላልቻለ በሬድዮ ለዋሽንግተን ነገረ፤ ዋሽንግተን ለሎንዶን፣ ሎንዶንም ተመልሳ ለአዲስ አበባ ነገረች፤ ወታደሮቹም ሄደው ረዱ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ለመሻገር መልእክቱ ሁለት ዋና ከተሞችን ዞረ፤ ቢሆንም ደረሰ። ይህን ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር። የዓለም መንገድ ረጅም ነው፣ ሥልኩም ይቈረጣል፤ ፈቃድ ሲኖር ግን ይደርሳል።

ሰኔ 3 ቀን 1928 ዓ.ም. የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ኔቪል ቻምበርሌን ማዕቀቡ ይቀጥል ማለት እብደት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ሲቆሙ የኢጣልያ ጋዜጠኞች አፏጩባቸው፤ የሩማንያው ቲቱሌስኮ ተነሥቶ አስወጧቸው ብሎ ጮኸ። ኢትዮጵያ አሥር ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ለመነች። ከላይ በልብህ ያዝ ያልሁህን ቍጥር አስታውስ። ሃያ ሦስት መንግሥታት «አይሆንም» አሉ፤ ሃያ አምስት ድምፃቸውን ነሡ፤ «ይሁን» ያለው አንድ ብቻ ነበር። እርሱም የኢትዮጵያ የራሷ ድምፅ ነው። ሐምሌ 8 ቀን ማዕቀቡ ተነሣ፤ አህያዋም ነጻ ወጣች።

በዚያው ሐምሌ ደጃዝማች ፍቅረማርያምና ጓደኞቻቸው ከተማውን ከጣልያን ለማስለቀቅ ተዋጉ፤ ዝናብ፣ ጭቃና መትረየስ መለሳቸው። የፍቅረማርያም አባ ተጫን ስም ዛሬ በየካ በኩል የሚያልፍ መንገድ መጠሪያ ነው፤ ብዙ ሰው ይሄድበታል፣ ጥቂት ሰው ያውቀዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ለሦስት ቀን የሆነውን ግን ሁሉ ያውቃል። መንግሥታችን በኋላ የሟቾቹን ቍጥር ሠላሳ ሺህ ብሎ አስታወቀ። አያቴ በዚያን ሌሊት ልጅ አዝላ ወደ እንጦጦ ጫካ ከሸሹት አንዷ ነበረች። ከላይ ሆና ከተማው ሲነድ ታያለች፤ በታች ደግሞ የለጋሲዮኖቹ ግቢ መብራት ይታያታል። «እነዚያ አያዩም ወይ?» ብላ እንደ ጠየቀች ትነግረን ነበር። አይተዋል። በከተማው የነበሩት ቆንሲሎች ያዩትን ጽፈው ወደ አገራቸው ልከዋል፤ ጽሑፉም በመዝገብ ተቀምጧል። በኅዳር 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ የኢጣልያ ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መሆኑን ዐወቀችለት። ይህን ያልተቀበሉት ጥቂት ነበሩ፤ ከነዚህም አንዷ ሜክሲኮ ናት፣ አደባባይ የሰየምንላትም ስለዚህ ነው።

ከዚያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. መጣ። ቀኑን አስተውል፤ ቻምበርሌን እብደት ነው ካለ ልክ አራት ዓመት። በዚያ ቀን ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦር አወጀ። ከአንድ ቀን ወደ ሌላው የኢትዮጵያ ነገር ፍትሕ ሆኖ ተገኘ። በባዝ ከተማ ተረስተው የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ወር ሳይሞላ በአውሮፕላን ወደ ሱዳን ተወሰዱ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ከእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ገቡ። ለዚህ ድል የእንግሊዝ፣ የሕንድ፣ የሱዳን፣ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ደማቸውን አፍስሰዋል፤ ውለታቸውን አልክድም። የማነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። በ1928 ዓ.ም. ያልነበረ በ1932 ዓ.ም. የተገኘ አዲስ ማስረጃ ምን ነበር? መርዙ ያው መርዝ፣ ቃል ኪዳኑ ያው ቃል ኪዳን ነው። የተለወጠው ሌባው የዕድሩን ዳኛ በር ማንኳኳቱ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልዙር፤ የሰውን ጉድፍ እያዩ የራስን ግንድ መተው አይገባምና። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ብዙ ሳይርቅ ኮሪያ ሰፈር የሚባል አለ። ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ በተሻገረ ጊዜ አዲሱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይህን ጥቃት እመልሳለሁ አለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን ምክር ቤቱን የጦርነት ዐዋጅ አልጠየቀም፤ ነገሩ ጦርነት ሳይሆን የፖሊስ ሥራ ነው ተባለ። ዲሞክራሲ ጦርነትን የሚፈቅድበት አንዱ መንገድ ስሙን መለወጥ መሆኑን ከዚህ ተምረናል። ኢትዮጵያ ግን በጄኔቭ የለመነችውን አልረሳችምና ቃኘው ሻለቃን ላከች፤ ቃኘው የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ተነሣ። በጦርነቱ ዘመን ከሦስት ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተራ በተራ ዘመቱ፤ ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቈሰሉ፣ አንድም አልተማረከም። የተመለሱት ብዙዎች በዚያ ሰፈር መሬት ተሰጥቷቸው ቤት ሠሩ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ መንግሥት ተለወጠና የኮሪያ ዘመቻ የሚያሳፍር ነገር ሆነ፤ ሜዳልያቸውን በሣጥን ታች ደበቁት። ለሄዱበትም ለተሸማቀቁበትም ማንም ድምፃቸውን አልጠየቀም። በዚያን ጊዜ የነበረው ፓርላማችን በሕዝብ የተመረጠ አልነበረም፤ ሕዝቡ እንደራሴዎቹን መምረጥ የጀመረው በኋላ ነው። እንግሊዞቹ ሕዝባቸውን ጠይቀው መልሱን ግማሽ አደረጉት፤ እኛ ጨርሶ አልጠየቅንም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለእኔ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ የሄደው የእኛ ሰው ቃል ኪዳኑን ከጠያቂዎቹ ይልቅ ጠበቀው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ወጣት ሳለሁ በዚያ ሰፈር አንድ የኮሪያ ዘማች ጎረቤት ነበሩን። የግራ እጃቸው ሁለት ጣት የለውም። አንድ ቀን፣ «አባባ፣ ኮሪያ ሲሄዱ ፈቃድዎን ማን ጠየቀዎት?» አልኋቸው።

«ማን ይጠይቀኛል? ስሜ ተጠራ፣ አቤት አልሁ።»

«አገሩ የት እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«መርከቡ ያውቃል ብዬ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ቆይተውም እንዲህ አሉኝ። «አባቴ ማይጨው ዘምቶ ነበር። ‹ዓለም ይመጣላችኋል ብለውን ነበር› ይለኝ ነበር። የአውሮፕላን ድምፅ በሰሙ ቍጥር ቀና ይላሉ፤ ምናልባት ያ ዓለም የሚሉት ይሆናል ብለው። ይህን እየነገረኝ ነው ያደግሁት። ስሜ ሲጠራ፣ እዚያም አንዱ ቀና ብሎ ይጠብቅ ይሆናል አልሁ።»

«ጣልያን በዚያን ጊዜ አህያ ተከልክሎ እንደ ነበር ያውቃሉ?» ብዬ የዝርዝሩን ነገር ነገርኋቸው። ብዙ አልገረማቸውም።

«ኮሪያ ተራራው እንደ እንጦጦ ነው» አሉ። «አህያ የለም። ጥይቱንም ውኃውንም በጀርባቸው አዝለው የሚያወጡልን የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሽማግሌ ሁሉ አለባቸው። እነዚህን እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጠዋት ሲወርዱ ባየሁ ቍጥር እነርሱ ትዝ ይሉኛል።» ከዚያም ከባለቤታቸው ጋር ስለ ገበያ ወሬ ጀመሩ።